ዝናብ ይላል መዝገቡ

አራት ደብተር ሞላ የክለባችን ዕድሜ፣
ሳነበው አመሸሁ መስኮቱ ዳር ቆሜ።
አባቴ ፍሪዶሊን ቀን ጨርቅ ሲያቀልም፣
ማታ ከሜዳ ላይ ቁጥር ሲለቃቅም፣
ኖረ ሠላሳ ዓመት። የአውራ ጣቱ አሻራ
ዛሬም ሰማያዊ ነው ከነጥቡ ጋራ።

ዓምዶቹ ስድስት ናቸው፦ ቀኑ፣ ባላጋራው፣
ያገባነው፣ የገባብን፣ የሰማዩ ሥራው፣
መጨረሻው ጠባብ፣ «አስተያየት» ይላል፤
እዚያ ባዶነቱ ከሁሉ ይበልጣል።
አባቴ ወሬ አይወድም፤ ቁጥር ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ደብተር ከሽማግሌ አፍ የተቀዳ ነው፦
ቀለም ነካሪዎች፣ በአሥራ ዘጠኝ አሥራ አንድ፣
ላብ በጠገበ ሸሚዝ፣ ሜዳቸው የከብት መንገድ፣
ወንዙ ዳር ገጠሙ፤ ኳሷ ውሃ ገባች፣
እስከ ታችኛው ድልድይ ማንም ሳይዛት ሄደች።
ውጤት፦ ዜሮ ለዜሮ። ኳስ፦ አንድ ጠፋች።

ከዚያ ወዲህ ሁሌም አንድ ልጅ ይቀጠራል፣
በረጅም ዘንግ መረብ ይዞ ድልድዩ ላይ ይቆማል፤
ለአንድ ጨዋታ ደመወዙ ሃያ ሳንቲም ነበር፣
የዳኑት ኳሶችም ተቆጥረዋል ከውጤቱ ሥር።

አራተኛ ዲቪዚዮን፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ሦስተኛ፤
ዘጠኝ ዓመት አንድ ቦታ፣ በረዶ ሥር እንዳለ ዘር የተኛ።
በአርባ ስድስት ወጣን። በአርባ ሰባት ወጣን ደግሞ።
ፓስተሩ ስብከት አሳጠረ፤
ባለፋብሪካው ራሱ ቲኬት ገዛ ተራ ቆሞ።
እና አርባ ስምንት፦ ከላይኛው ሊግ ዳር። የዙሪክ ባቡር
ባለ ባርኔጣ ሲያራግፍ በትንሿ ጣቢያችን በር፣
«እዚህ ነው?» ይሉ ነበር፣ ገደሉን ቀና ብለው አይተው።
ሃያ ስድስት ጨዋታ። ሦስት አሸነፍን፣ አምስት አቻ፣
ቀሪውን እናንተው ቀንሱት።
ላይ የቆየነው አንድ ዓመት ብቻ።

ከቀነሳችሁት አንዱ፦ ጥቅምት ሠላሳ፣
እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ሳሳ።
ያገባነው፦ ዜሮ። የገባብን፦ አሥራ አንድ።
በረኛው አጎቴ ቤያት ነው፣ ጓንት የማይወድ፣
የአባቴ ታናሽ፣ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣
አሥራ አንዴ ኳስ ሊያወጣ ወደ መረብ ጎንበስ ማለቱ!
የአየሩ ዓምድ፣ በአባቴ እጅ፣ ጥርት ባለ ፊደል፦
«ቀኑን ሙሉ ዝናብ፤ ጉም እስከ ማዕዘን ባንዲራው ወርዷል።»
አስተያየቱ ደግሞ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ሌሊት፦
«ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ነበረች።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ጎል ያልጨመረ፣
የመስመር ዳኛን ስህተት እንደ ሕግ ያከበረ፣
አንዴ ዋሸ። ቁጥሩን እንዳለ ተወው፤
ጥፋቱን ብቻ ያልወጣች ፀሐይ ላይ አላከከው።

አጎቴ ያንን ገጽ አይቶት ይሁን አላውቅም።
ፋሲካ ሲመጣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ስለ ኳስ አይነሳም፤
አጎቴ ባሸነፈ ቁጥር
አባቴ የያዘውን ሳያሳይ ቶሎ ይበውዝ ነበር።

ከዚያ መውረድ ነው፤ ፋብሪካውም ተዘጋ።
እርሳሱ ከስድሳ አንድ ወዲህ እኔ ጋ።
በሰባ ሁለት፣ ማን ያምናል፣ የዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረስን፤
እየመራን በረዶ ጣለ፣ ተቋረጠ፣ ተደገመ፣ ተሸነፍን።
ዛሬ አምስተኛ ዲቪዚዮን። ተመልካች፦ ሰማንያ፣ ከነውሻው።

ቅዳሜ በሜዳችን ሁለት ለአንድ ተረታን።
በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ አዝጋሚ ኳስ፣ ሕፃን የሚይዛት፣
በሽፐቲም እግሮች መሃል አለፈች። የጣሪያ ሠሪው ልጅ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመቱ።
መብራቱ እስኪጠፋ ከጎሉ አፍ አልተነሳም።
ሌሎቹ ታጥበው ሄዱ።

ያገባነው፦ አንድ። የገባብን፦ ሁለት።
አየር፦ ደረቅ፣ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት።
አስተያየት፦
እርሳሱን ቀረጽኩ።
ከወንዙ የዳኑ ኳሶች፦ ሁለት።