ዘጠኝ እርምጃ

አራቴ ተነቅላ፣ አራቴ የቆመች፣
ጃሙና አሸዋ ላይ እንደ ወፍ ያረፈች፣
ቆርቆሮ ትምህርት ቤት ናት እኔን የቀጠረች።
ጥቁር ሰሌዳዋ በጀልባ የመጣ፣
ክረምት ሲሆን ዛሬም የዓሣ ሽታ የሚያወጣ።

አንድ ሰኞ ጠዋት እዚያ ላይ አሰመርኩ፤
"ሁለት ነጥብ ስጡኝ፣ መስመር ልስጣችሁ" አልኩ።
"ስንት ያዘነብላል? ከየት ይጀምራል?
እነዚህን ካወቅን ሌላው ይከተላል፤
ያልደረስንበት ቀን ከወዲሁ ይታያል።"
ሞይና እጇን አወጣች፤ "ወንዙስ ይታወቃል?"

ክፍሉ ሳቀ።
እኔ ጠመኔዬን አስቀመጥኩ።
የሞይና ቤት የት እንዳለ አውቃለሁ፤
አምና ከፊቱ ሦስት ቤቶች ነበሩ።

ለካች፤ ከደጃፏ እስከ ገደሉ አፍ፣
እርምጃ ሳታዛባ፣ ሳትሮጥ፣ ሳታርፍ።
ዘጠና ስድስት።
በዐሥረኛው ቀን ሰማንያ አራት።
ዐሥራ ሁለት እርምጃ ሲካፈል ለዐሥር፣
አንድ ነጥብ ሁለት ነው ወንዙ በቀን የሚበላው አፈር።
"ዋይ ዜሮ የሚሆን፣ ኤክስ ስንት ሲሆን ነው?"
ከንፈሯን ነክሳ አሰላችው።
"ሰማንያ ቀን" አለች፣ ድምጿ ሳይሰበር፤
የገበያ ዕለት የምትነግረኝ ይመስል ነበር።

በሃያኛው ቀን ሰባ ሁለት መሆን ነበረበት።
ሆነ።
"ልክ ነኝ!" እያለች በሩጫ መጣች፤
ምን እንዳለች ሲገባት በሩ ላይ ቀረች።

አባቷ ቶፋዞል ደብተሩን ገልብጦ አየው፤
"ወንዝ ፊደል አልቆጠረ፣ ማን ብሎ ሊሰማው?"
እሱም ግን ይቆጥራል። በጣሳው ውስጥ ሦስት መቶ ታካ፣
በየቀኑ አርባ ይጨምራል፤
ጀልባው፣ ተሸካሚው፣ አዲሱ ቀርከሃ፣ በጠቅላላው
ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ይፈልጋል።
ሞይና ሌላ መስመር ሠራችለት፤
በአንድ ወረቀት ላይ አንዱ ቁልቁለት፣ አንዱ ዳገት።
"ሃምሳኛው ቀን፣ አባዬ! ጣሳችን ይሞላል፤
ለወንዙ ሠላሳ ስድስት እርምጃ ይቀረዋል።"

ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ።
በአርባኛው ቀን አርባ ስምንት ያልነው ሠላሳ ሆኖ ተገኘ።
የኔ መስመር ሰሌዳው ላይ እንደ ቆመ ነው፤
ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ፣ ውሸታም።
ላጠፋው ስል እጄን ያዘችኝ፤
"ተዉት፣ ያኔ እውነት ነበር።
ከመጨረሻዎቹ ሁለት ነጥቦች ሌላ እንሥራ።"
ሁለት ነጥብ አንድ። ዝናቡ በዘነበ ቁጥር መስመሩም አዘነበለ።
ለሃምሳኛው ቀን ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ተረፈ፤
በጭንቅ፣ ጣሳው ወንዙን አለፈ።

ቀኑ ደረሰ። ጣሪያው ወረደ፤ በሩ፣ አልጋው፣
ሁለቱ ፍየሎች እየጮኹ ጀልባ ላይ ወጡ።
አባቷ የመጨረሻውን ቋሚ ሲነቅል
ሞይና ጭቃ ውስጥ ትቆጥራለች።
ዐሥራ አንድ።
"ተሳስቻለሁ፣ መምህር!" ስትል ሳቋ አፏን ሞላው፤
እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ኪሴ ውስጥ መለስኩት።

ዛሬ ማዶ ናቸው። ትናንት በአሣ ነጋዴ እጅ
አንድ ቅዳጅ ወረቀት ላከችልኝ፤
"ቀን ዜሮ፤ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ።
ሁለተኛውን ነጥብ ገና አልለካሁትም፣ መምህር።
በአንድ ነጥብ ላይ የፈለገው መስመር ሁሉ ያልፋል።"