የእጅ ፍሬን

ቮስ ላይ፣ ከባቡሩ ጣቢያ ጀርባ፣
ሦስት ፒካፕ ቆመዋል፤ በረዶው ሳይገባ
አንዱን መምረጥ አለብኝ።
ሃይሉክስ፣ ሬንጀር፣ ዲ-ማክስ።
በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ፦ የሚጭኑት ስንት ኪሎ፣
በሊትር የሚሄዱት ስንት ኪሎ ሜትር፣
የጎማው፣ የዘይቱ፣ የግብሩ ዝርዝር፣
ዳገት ላይ ተጎታች ሲስብ የትኛው እንደሚያቃስት፣
ጨው በሚበተንበት መንገድ የትኛው እንደሚዝግ በአምስት ዓመት።

እንጨት ፈላጭ ነኝ፤ የምሸጠው ማገዶ፣
ደንበኛዬ ዳገት፣ መንገዴ በረዶ።
መኪና ለኔ ጌጥ አይደለም፣ ትከሻ ነው፤
እንጀራ የሚሰጠኝ ስሙ ሳይሆን ወገቡ ነው።
ወረቀቴ «ሬንጀር» ይላል፣ ኪሴ «ዲ-ማክስ» ይላል፤
እግሬ ግን ሃይሉክሱን፣ እንደ ተሳላሚ፣ ሦስቴ ይዞራል።

ጎረቤቴ ቶርግሪም አብሮኝ መጥቷል፣ የፎርድ ሰው፤
የአያቱን ፎርድ እስከ ዛሬ በሸራ የሸፈነው።
«ጃፓን ስለ ብርድ ምን ታውቃለች?» ይላል።
የሱ ሬንጀር መንገድ ላይ የቆመ ዕለት ግን
ጥፋቱ የነዳጁ ነው፣ የጋራዡ፣ የሰማዩ፤
የፎርድ አይሆንም በጭራሽ።
እኔስ? የሃይሉክስ ሻሲ በዝገት ተበልቶ አይቼ
«ባለቤቱ አላጠበውም» ያልኩ ሰው!
ድሮ ጌታ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤
እኛም ይኸው፣ አባ ፎርድ አባ ቶዮታ ተባብለን እንፎክር።

ሻጯ ሲግሩን ቁልፍ ሰጠችኝ የሦስቱንም፤
ነዳሁ ዳገቱን፣ ጠጠሩን፣ ጠባቡን ድልድይም።
ሬንጀሩ ለስላሳ፣ ሶፋ ላይ እንደ መቀመጥ፤
ዲ-ማክሱ ጮኸብኝ፣ ግን ጎተተ ሳይንቀጠቀጥ።
ሃይሉክሱ... ዘመድ በሚዛን ይመዘናል?
«ወገብ ያማል» ብዬ ልጽፍ ብል፣ እጄ እምቢ ብሏል።

ማታ ጎባ ደወልኩ፣ አባቴ ጋ፤
ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሃይሉክስ
የውኃ ቁፋሮ ሠራተኛ ያመላለሰ።
«አባዬ፣ ልከዳህ ነው» አልኩት። «ቶዮታን ልተው ነው።»
ዝም አለ። ሬዲዮው ይሰማኛል። ሳለ። ከዚያ፦
«እኔ መች መረጥኩት፣ ልጄ? የመንግሥት ነው።
ቁልፍ ሰጡኝ፣ ፈረምኩ፣ ነዳሁ።
ላዳ ቢሰጡኝ ላዳ እነዳ ነበር።
ደግሞ ወገቤን የፈጀው እሱ ነው፣ እግዜር ይይለት!
ያኛው ስንት ኪሎ ይጭናል ያልከው?»

ሰኞ ዲ-ማክሱን ፈረምኩ።
ቶርግሪም ራሱን ነቀነቀ፤ ለአባቴም ለኔም አዘነ።

አሁን እንጨቱን ጭኜ፣ ዳገት ላይ ስቆም፣
ቀኝ እጄ ሳላዘው ይሄዳል ከመሪው ሥር፣ በጨለማው፣
ያንን እንደ ጃንጥላ እጀታ የታጠፈ ፍሬን ፍለጋ፤
የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ «ሳብ!» ሲለኝ
በሁለት እጄ የሳብኩትን።
የለም እዚያ።
መኪናው ግን ቆሟል።