ሦስት በር በአንድ ረድፍ

ላንቬሪን ዝናባም፣ የዌልስ ትንሽ ከተማ፤
የማዘጋጃ ቤቱ ምንጣፍ አመድማ፣
የመንገድ፣ የውሃ፣ የአረጋውያን ጉዳይ፣
ሦስት በር በአንድ ረድፍ፣ አንዱ ያንዱን ላያይ።

ጌቲን ከድልድዩ ሥር ወርዶ አይቶ ነበር፣
ቱቦው በግንድና በቅጠል ሲታጠር፤
ቀን ጽፎ ፈረመ በሰማያዊ ቀለም፣
መሳቢያው ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

ኤሉኔድ ዘንድ ደግሞ የስም ዝርዝር አለ፣
ማን ብቻውን አድሮ፣ ማን እግሩ እንደዛለ፣
ማን በማሽን ጉልበት አየር እንደሚስብ፤
ብረት ሣጥን ገብቷል «ምስጢር ነው» በሚል ሰበብ።

የመዝጊያውን ቁልፍ የሚያውቀው ኢድዋል
ጡረታውን ወጥቶ ዓሣ ያጠምዳል።

እኔስ? የሌሊቱን ስልክ የማነሣ ነኝ፣
ከተማው ሲነግረኝ ቢሮው ያልነገረኝ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
እኛ ዘንድ ግን ባዳ ግድግዳ ይጋራል።

በኅዳር አጋማሽ፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣
ወንዙ አልጋውን ጥሎ መጣ እስከ ገበያ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ አንዲት ሴት ደወለች፤
«የባሌ ማሽን ጠፋ፣ መብራት የለም» አለች።
«ቤታችሁ የት ነው?» ስል ድምፅዋ ቀዝቅዞ፣
«ቅጹ እናንተ ጋ ነው፣ አድራሻችንን ይዞ።»

ሣጥኑ ከወንበሬ ሰባት እርምጃ ነው፤
ቁልፉ ኤሉኔድ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው፤
ኤሉኔድ ከጎርፉ ማዶ።

ሰውየውን ያዳነው፣ ቢሮ እንዳይመስላችሁ፣
ወተት አዳዩ ሜሪግ ነው፤
ትራክተሩን ነድቶ፣ ጄኔሬተር ጭኖ፣
የሚያውቀውን ሁሉ በየደጁ በትኖ።

ጎርፉ ሲመለስ ጭቃው ግድግዳ ላይ ቀረ፣
በሦስቱም በሮች ላይ እኩል ተሰመረ፤
ያለ ፈቃድ ገብቶ ሁሉን ፋይል አንብቦ፣
አንድ አድርጎት ሄዷል፣ አጣብቆ፣ አርጥቦ።

አሁን በየማክሰኞው አንድ ጠረጴዛ ነን።
እንጨቃጨቃለን።
«ስም አደራ ነው» ስትል ኤሉኔድ እውነት አላት፤
ግን ሣጥኗም አንዳንዴ አደራ በላ ናት።
ለሚያድን ይሰጥ አልን፤ ለወሬኛ አይሰጥም፤
የቀረውን ገና አልጨረስንም።
ኢድዋልን ከወንዝ ዳር ጠራነው በልመና፣
የቁልፉን ማደሪያ ጻፈልን እንደገና፤
(የመጀመሪያው ጽሑፍ አይነበብም ነበር።)

ትናንት ሌሊት ዘነበ። ስልኩ ሲጮህ ሰማሁ፤
«ወይዘሮ ኔስታ» ብዬ ቀድሜ ጠራሁ።
ዝም አለች ትንሽ።
«ማሽኑ ደህና ነው» አለች፣
«የደወልኩት፣
ከድልድዩ ሥር ግንድ ቆሟል፤
ልነግራችሁ ብዬ ነው።»