በየሁለት ሰዓቱ

ከአንዱ አልጋ ወደ አንዱ በፋኖስ ተጉዤ፣
የበረኪና ውሃ ብልቃጤን ይዤ፣
ግዌኖሌ ዘንድ ደረስሁ፤ ገና ሃያ አልሞላው፣
ከብሬስት ባሕር ነቅሎ ጦርነት ያመጣው፣
ጥይት ቢስተውም ጉንፋን ያልሳተው።

በሳንባውና በጎድኑ መሃል
መግሉ እንደ ጎርፍ ውሃ ተኝቷል፤
ቀዳን፣ ቀዳን፣ አላልቅ ብሏል።

ቱቦዋን ከፈትሁ። ገባ ቀስ፣ ቀስ፣
ደፍርሶ ወጣ። ደገምሁ፣ እስኪጠራ ድረስ።
«እናቴ እጇ እንዲህ ነው» አለኝ ዓይኑን ከድኖ፣
«የሰው አንሶላ አጥባ ስትመጣ፣
ቆዳዋ በረኪና ሆኖ።»

ሳቅሁ። ድንገት ፊቱ ጠቆረ፤
«ሲስተር፣ አፌ ውስጥ መረረ!»

አፉ? ከጎኑ ያፈሰስሁት?
ሳላስብ በጣቴ ቱቦውን አነቅሁት።
መንገድ አለ ማለት ነው፤ ግድግዳው ተበስቷል፣
ከመግሉ ጓዳ ወደ ትንፋሹ ቀዳዳ ተከፍቷል።
አንድ ጉንጭ ብጨምር፣ ያው የሚያድነው ውሃ
ባሕር ያልነካውን ልጅ አልጋው ላይ ያሰምጠዋል።

ቀና አድርጌ ደገፍሁት። ሳለ፣ ሳለ፣
ሳህኑ ላይ የእናቱ ሽታ ጠብ አለ።

ሐኪሙ ሲነጋ መጥቶ መዝገቡን አየው፤
ከስሙ ጎን የጻፍሁት አንዲት ቃል ብቻ ነው፦
«መረረው።»