አንደኛ ማዕረግ

ባቡሩ አልመጣም፤ ጠቡ ግን ደርሷል፣
ከቦርከና ማዶ ሰፈሩን አምሷል።

እኔ ቲኬት ቆራጭ፣ ስድስት ወር የተማርኩ፣
ደንብ ልብሴን አጥፌ ከሣጥን ያኖርኩ፣
የዋጋ ዝርዝሩ እንዳይጠፋኝ ብዬ
ጮክ ብዬ ሳነብ ከግራር ሥር ውዬ፣
አንዲት ቃል ብቻ ናት ከዚያ ሁሉ መዝገብ
ሰዉን ከጥላው ሥር ያስነሳች እንደ ንብ፤

«አንደኛ ማዕረግ።»

«የምን ማዕረግ ነው?» አለ ወንድይፍራው፣
ከኮምቦልቻ መጋዘን ጆንያ ያጎበጠው፤
«ባንድ ሀዲድ ሊሄድ፣ ባንድ ፉጨት ሊነሳ፣
የፊተኛው ፉርጎ ቀድሞኝ ሊገባ ነው መርሳ?»

ሀጂ ሙህዬ ሳቁ ከዘራ ተክለው፤
«ያንተን የሚያረክስ የኔ መወደድ ነው።
እኔ ባልደላደል ያንተ ዋጋ ይብሳል፤
ደግሞ ወገቤ አለ፣ ሌሊት ያስለቅሳል።
ሰባን አልፌያለሁ። ይብቃኝ አልኩ ለራሴ
ባይሱዙ እየተናጥኩ መመላለስ ደሴ።»

የቅሬያችን ዳኛ፣ ጋሽ ይመር አበጋዝ፣
ወግ ሲጀምሩ ሞት የማያጡት ከጓዝ፣
«ቃሬዛችን አንድ ነው፣ ማዕረግ የለበት፤
ሀብታሙም ድሃውም እሱን ነው 'ሚወጡት።»

«ሬሳ፣» አሉ ሀጂ፣ «ወገቡን አያመው!»
ጋሽ ይመር ራሳቸው ሳቁ ቀድመው ቆመው።

ጦይባ ግን አልሳቀችም።
ጦይባ ቅቤ ነጋዴ፣ የቅል ማሰሪያዋን
እየፈታች፣ እያሰረች፣ አቆየች ቃሏን።

«አምና በጥቅምት ነው፤ ልጄን ምጥ ይዟት
ባቲ ላይ፣ በሌሊት፣ አይሱዙ ላይ ጫንናት።
ጋቢናው ተይዟል። ከሽንኩርቱ ጆንያ
አጋደምናት ከላይ፣ እንደ አንድ ዕቃ ያ።
ጎማው ድንጋይ ሲነካ የጮኸችው ጩኸት
አሁንም ይመጣል ገበያ ስቀመጥ ድንገት።
ገርባ ላይ አንድ ሰው ጋቢናውን ትቶ
ወጣ ከሽንኩርቱ፣ ልጄን አስገብቶ።
ስሙን አልጠየቅን፤ መልኩም ጠፍቶኛል፣
ሽንኩርት የሸተተው ኮቱ ትዝ ይለኛል።
ለስላሳው ወንበር ይቅር አልልም እኔ፤
አይቻለሁና ያን ሌሊት በዓይኔ።
ግን የዚያ በር ቁልፉ ብር ብቻ ከሆነ፣
ምጥ የያዛት እጅ በምን ይከፍተዋል?»

ሀጂ ዝም አሉ። አፈሩን በከዘራ
ጫር ጫር አደረጉ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ።
ከዚያ ቀስ ብለው፦
«ጋቢና ባይኖር፣ ሰውየው ምኑን ይለቅ ነበር?»

ወንድይፍራው ወዲያው፦
«ሁሉም ጋቢና ቢሆን፣ ማን ይለምን ነበር?»

መልሱ አልተገኘም። ፍየሎች መጡና
ሀዲዱን አቋርጠው ወደ ቤት ገቡና
ሰዉም ተበተነ። እኔ ብቻ ቀረሁ፤
እዚያ ያልተነፈስኩት አንድ ነገር ያዝኩ።

ይህ ሀዲድ የተኛው በእናቴ ማሳ ነው።
ካሣውን ተቀበልን፤ በላነው፤ አለቀ፤
የእማዬ እጅ ግን ካፈሩ አልራቀ።
ዛሬም በክረምቱ፣ ከጠጠሩ መሀል
ብቻውን የበቀለ ዘንጋዳ ካየች
ጎንበስ ብላ ዙሪያውን አርማው ትሄዳለች።

እውነት ልናገር? እኔም ያምረኛል።
መስኮቱ ሰፊ ነው፣ መጋረጃም አለው ብለውኛል።
አንድ ቀን ፉጨቱ ቢሰማ ከማዶ
የመጀመሪያው ቲኬት የሷ ነው፤ ቆርጬ
አንደኛ ማዕረግ፣ መስኮት ጋ አስቀምጬ
ማሳችንን ትለፍ።
ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ማሳው ትልቅ አይደል።
ያችን ግማሽ ደቂቃ ማንም አይከልክላት።

ከዚያ ወዲያ አውቃታለሁ፤ ሐይቅ ሳንደርስ ገና
ትነሣለች ካለስላሳው፣ ነጠላዋን ታጣፋና፤
ምጥ የያዛት ባትኖር፣ ሽማግሌም ባይኖር፣
ለሽንኩርት ጆንያም ቢሆን ትለቃለች ወንበር።