ዳገት ላይ የሚቆም

ጥቅምት የሀይፋን ሰማይ ደመና ሲያለብሰው
ናፍታሊ ካይዘሩን ከደጄ አደረሰው፤
«መጥረጊያው ሞቷል» አለኝ፣ «ታረቀኝ፣ አንተ እየው።»

በባትሪ አይሠራም፤ ሞተሩ አየር ሲስብ
በቀጭን ጎማ ቱቦ ትንፋሽ ነው የሚቀለብ።
ጆሮዬን አስጠግቼ ፉጨቱን አደመጥኩ፤
የተሰነጠቀውን በጣቴ ደፈንኩ።
ቱቦው ተቀየረ። የደረቀው ቆዳ
ጉሎ ዘይት ጠጥቶ አደረ እንደ እንግዳ።

«ኤሌክትሪክ ይገጠም፣ እሱ ይሻልሃል።»
«ጉንፋን ለያዘው ሰው ሳንባ ይቀየራል?»

ከሐዳር ወደ ካርሜል ዶፉን ይዘን ወጣን፤
ነዳጁን ሲረግጥ መጥረጊያው ቆመብን።
መስታወቱ ታወረ።
ከኋላ አውቶቡስ ጡሩምባ ነፋ።
እግሩን አነሳ። ጠረገ፦
ባሕር፣ ወደብ፣ አንድ ነጭ መርከብ።
«አየህ?» አለኝ። ረገጠ። መርከቡ ጠፋ።
እንዲህ እያየን፣ እየታወርን፣ ጫፉ ላይ ደረስን።

ቁልቁለት ላይማ አይጣል! ዝናቡ ቢያባራም
ደረቁን መስታወት ሲጠርግ አያፍርም።

ሒሳቡን ቆጠረልኝ፣ ኮፍያውን ደፋና፣
«የግራው ያነክሳል» አለ፣ «አልዳነም ገና፤
ማክሰኞ እመጣለሁ።»

እኔ ሲያነክስ አላየሁም።
ማክሰኞን ግን ጻፍኩለት።