ዘነበ ወይ?

አባቴ ሲደውል፣ ከጤናዬ ቀድሞ፣ ከእህል ከውሃ ቀድሞ፣
«ዘነበ ወይ?» ይላል፣ መልሴን ሳይጠብቅ ደግሞ ደጋግሞ።
የሰቆጣ ሰማይ ገንዘብ ተበድሮ የጠፋ ዘመድ ነው፣ ሲያይህ ይሰወራል፤
የጅማው ግን እንግዳ፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይለምኑት ያድራል።

ምን ብዬ ልንገረው?
ቀትር ላይ ተነሥቶ፣ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ የመምህሩን ድምፅ ቀምቶ እንደሚሄድ?
ያጠብኩት ሱሪዬ አራት ቀን ተሰጥቶ፣ እርጥብ እንደሆነ መዋሉን ከገመድ?
ለተጠማ ሰው ሰጠምኩ አይባልም።
«ጥቂት ጥሏል» አልኩት።
የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ውሸቴ እሷ ነበረች።

ብሎክ አሥራ ሰባት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ የማይዘጋ፣
ስድስት ሰው፣ ስድስት ሻንጣ፣ ሦስት ተደራራቢ አልጋ።
ኡጁሉ ከባሮ ዳር መጥቶ ከላዬ ይተኛል፤
እግሩ አልጋውን አልፎ፣ ሌሊት ስባንን ተረከዙ ያየኛል።
ሙዘይን የዴዶ ልጅ ነው፤ አርብ ሄዶ፣ እሁድ በኮዳ ማር ይዞ ይመለሳል።
እኔ ሦስት አውቶቡስ፣ ሁለት አዳር ነኝ ከቤቴ፤
ማሩን ስልስ እንኳ አይጠፋም ቅናቴ።
ጫማዬ አልጋ ሥር ሻግቶ ጢም አብቅሏል፤
እኔ ገና ነኝ።

መርካቶ ወርጄ ጃንጥላ ገዛሁ።
እኛ ጋ ጃንጥላ ለታቦት ነው፣ ለሙሽራ ነው፤
ዘርግቼው ስወጣ እልል የሚል ሰው ጠበቅሁ።
የባጃጅ ሹፌር ብቻ ክላክሱን ነፋልኝ፣
ከመንገድ እንድወጣለት።
በማግስቱ ከካፌ ደጃፍ ጦጣ ዳቦዬን ነጠቀችኝ፤
ሲኒየሮቹ ሣቁ። «ፍሬሽ!» አሉ።
ለሳምንት ያህል ስሜ ይኸው ሆነ።

አገሬ አንደኛ ነበርኩ።
እዚህ ግን የየአገሩ አንደኛ በአንድ አዳራሽ ታጭቋል፤
ከአንደኞችም መሀል፣ መቼም አንድ ሰው መጨረሻ ይወጣል።
ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ቁጥሬን በጣቴ ፈለግሁ፤
ኬሚስትሪ፣ ከሠላሳ አሥራ አንድ።
ጣቴን አቃናሁ፣ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።
መስመሩ አልተሳሳተም።

ጃንጥላዬን ሳልዘረጋ እስከ አዌቱ ድልድይ ሄድኩ።
ወንዙ ቡኒ ነው፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ አዝሎ ይጣደፋል፤
እሱስ የሚሄድበትን ያውቃል።
ልብሴን ጠቅልዬ ልመለስ? የትኬቱን ዋጋ ደመርኩ፤
ኪሴን ቆጠርኩ፤
አይበቃም።

ያን ማታ ደወለ። «ዘነበ ወይ?»
«ዘነበ፣ አባባ። በየቀኑ ነው። ዋሽቼህ ነው። ዶፍ ነው» አልኩና ድምፄ ተሰበረ።
ዝም አለ። ከዚያ፦ «ታዲያ በዝናብ ይለቀሳል እንዴ?
እስቲ ስልኩን በመስኮት አውጣው።»

አወጣሁት።
እጄ እስከ ክርኑ ራሰ፣ እጅጌዬ ተንጠባጠበ፤
ሂሳቡ የሱ ነው፣ ይቆጥራል፤
ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ ዋግ ላይ፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ
አባቴ የጅማን ዝናብ ሰማ።
ኡጁሉ ከላይ፦ «መስኮቱን ዝጋው፣ በረደኝ» አለ፤
ጎንበስ ብሎ የተዘረጋ እጄን አየና
ብርድ ልብሱን ጣለልኝ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር።

ከዚያ ወዲህ ሙዘይን በሻማ ኬሚስትሪ ያስጠናኛል፤
ሲደክመኝ፣ ለማረፊያ፣ አፋን ኦሮሞ ያስቆጥረኛል።
«ሮቤ?» ማለት «ዘነበ ወይ?» ማለት ነው።
እሷን ለመያዝ አልደከምኩም፤
አባቴ አስጠንቶኛል።

ሰኔ ላይ ውጤት ወጣ።
«ኬሚስትሪ ሲ አገኘሁ» አልኩት።
«ሲ ምንድን ነው?»
አሰብኩ። «ካፊያ ነው፣ አባባ።»
ዝም አለ፤ ሲያሰላ ይሰማኛል።
«ለጤፍ ይበቃል?»
«ለጤፍ ይበቃል።»